ካኪው የታሰረበት ክር

ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው። ባለቤቴ ኢሳኦ ቁርስ ላይ ሾርባውን ፉት እያለ፣ «ያንቺ የዕረፍት ቀን ለእኔ የሥራ ቀን ነው። ለደንበኞችሽ የምታወሪውን ሁሉ ብቻዬን እሰማለሁ። እባክሽ ደብተር ግዢና ለእሱ አውሪው» አለኝ። ይኸው ገዛሁ። ደብተሩ እስካሁን አላቋረጠኝም፤ ከኢሳኦ ይሻላል።

ቀን ላይ ቺጉሳ ደወለች። ልጄ እስከ ምሳ ሰዓት የባንክ መስኮት ላይ ትሠራለች፤ ከምሳ በኋላ ለዚያው ባንክ ቡድን የጠረጴዛ ቴኒስ ትጫወታለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በጥር ለሚደረገው የመላው ጃፓን ሻምፒዮና ዘንድሮም አልፋለች። ይህን ለደንበኞቼ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ለእያንዳንዳቸው ማለቴ ነው።

«እማ፣ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ» አልኩና ካታሎግ ላይ ስላየሁት አዲስ የራኬት ላስቲክ፣ ላስቲኩን ስላደነቀችው የኦሳካ ልጅ፣ የኦሳካዋ ልጅ እናት ስለለበሰችው ኮት ነገርኳት። ስጨርስ የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበር። ምን ልትለኝ እንደነበር ሳልጠይቃት ቀረሁ። ስለ ላስቲኩ ይሆናል።

ጥቅምት 13፣ እሑድ

የአውራጃውን ውድድር ከኢሳኦ ጋር አይቼ ተመለስኩ። አሸነፈች! ደክሞኛል፤ የተጫወትኩት እኔ ነኝ የሚመስለው።

ቺጉሳ ቆራጭ ናት። ሌሎቹ ኳሱን እየቀጠቀጡ ሲልኩት፣ እሷ ከጠረጴዛው ርቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከሥር ከሥሩ እየቆረጠች ትመልሰዋለች። ደግማ ትመልሳለች፤ ደግማ ትመልሳለች። በመጨረሻ የሚቀጠቅጠው ሰው ራሱ ይሰለቻል። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አራት ዓመቷ ሳለ የሻምፑ ካርቶን ላይ አቁሜ። ጠረጴዛው ዛሬም ሳሎናችንን ሞልቶ ቆሟል። እራት የምንበላው በአንደኛው ጎኑ ነው። ኢሳኦ ሶሱን ከመረቡ ማዶ አስቀመጥሽብኝ እያለ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ተነጫንጯል።

ያላስተማርኳት አንድ ነገር አለ። ኳስ መረቡን ነካ ካደረገ ወይም የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭሮ ካለፈ፣ በዕድል ነጥብ ያገኘው ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ይላል። ሁሉም ያደርገዋል፤ ሌላው ግን ጣቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። የእኔዋ እጇን አንሥታ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባች ሁሉ አንገቷን ትደፋለች። ዛሬም በጠርዝ ነጥብ አግኝታ ያንኑ አደረገች።

ሲያልቅ፣ «እንዲህ የሚያሳዝንሽ ከሆነ ነጥቡን መልሺላታ!» አልኳት።

«ነጥቡማ አይመለስም፣ እማ። ይቅርታ ይባላል፣ ነጥቡ ይወሰዳል። ደንቡ ነው።»

«ጥሩ ደንብ ነው። ለትዳርም ይሆናል።»

አባቷ ብቻ ነው የሳቀው።

ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ ላዳምጥ ብዬ ሳይሆን ጆሮዬ እዚያ ስለነበረ ነው። «ግሩም ትጫወታለች፤ ግን ደስ ያላት አትመስልም» አለች አንደኛዋ። ዞር ብዬ «ቆራጭ ስትስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ልላት ነበር። ተውኩት። እኔ ጣልቃ የምገባ እናት አይደለሁም።

በጥር ከአሥራ ስድስቱ ትገባለች። ከመጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት አንዱ የሆነ ሰው ያ ማዕረግ እስከ ቀብሩ ይከተለዋል። አንድ ዙር የቀረውን ግን ማንም ስሙን አይጠይቀውም። ልጄ አራት ጊዜ እደጃፉ ደርሳ ተመልሳለች። በር አራት ጊዜ ከተንኳኳ በአምስተኛው ይከፈታል፤ እኔ ብሆን በሁለተኛው እከፍት ነበር።

ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ወይዘሮ ኢጋራሺን ፐርም ሠራሁ። ካስክ ውስጥ ሆና ስታወራ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ መንገደኛው ሁሉ ይሰማታል።

«እትዬ ታማኤ! ለዓይኔ ሐኪም ያማጋታ ሄጄ ልጅሽን ባንኩ ውስጥ አየኋት እኮ!»

«እዚያ ነው የምትሠራው። የት ልታያት ነበር?»

«ለአንድ የአኩሪ አተር ቶፉ ሠሪ ሽማግሌ የብድር ወረቀት ታስረዳዋለች። ምን እንዳለችው እንጃ፣ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ! ሌሎቹ መስኮቶች ባዶ ናቸው፤ የእሷ ጋ ሰልፍ ነው። ያቺን ልጅ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም!»

«ቴሌቪዥን ላይ ስትጫወት አይተሻት የለ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» ብላ ጮኸች።

ካስኩን ትንሽ አሞቅኩባት።

ኅዳር 4፣ እሑድ

ቺጉሳ የጓሯችንን የካኪ ፍሬ ልትለቅም መጣች። ኢሳኦ መሰላል ላይ፣ እሷ ሥር ቅርጫት ይዛ፣ እኔ ከሁለቱም ሥር ትእዛዝ እየሰጠሁ። ዘንድሮ ዛፉ እንደ ጉድ ነው የያዘው፤ ቅጠሉ ረግፎ ፍሬው ብቻ እንደ ፋኖስ ተንጠልጥሏል።

ቦርሳዋ ውስጥ ወፍራም መጽሐፍ አየሁ። ቦርሳው ክፍት ነበር፤ ከከፈትኩት በኋላ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የብድር ክፍል ፈተና አለ። እየተዘጋጀሁ ነው።»

«መቼ ትለማመጃለሽ ታዲያ?»

«እማ፣ እኔ...»

«የእጅ አንጓሽስ እንዴት ነው? በብርድ እንዳታስመቺው።»

«ደህና ነው። እማ፣ እስቲ አንዴ...»

«በይ መጀመሪያ ይህን ቅመሺ!» ብዬ ካኪ አጎረስኳት። ለካ በአረቄ ታሽቶ ካልቆየው ነው የሰጠኋት። የኛ ዛፍ ፍሬ ሳይታሽ ከተበላ አፍን ጨምድዶ ይይዛል። ልጄ ምላሷ እንደ ጨርቅ ሆኖባት እስክትሄድ ድረስ አልተናገረችም። ኢሳኦ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ዘዴ ነው» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከሄደች በኋላ ግን ደስ አላለኝም። ልትለኝ የነበረውን ነገር አስጨርሻት ቢሆን ምን ነበረበት? ምላሴ ላይ ነው ያ ካኪ መቀመጥ የነበረበት።

ኅዳር 16፣ ዓርብ

የቡድኑ ኃላፊ አቶ ናጋኦካ ደወሉ። ጸጉር የሚቀቡ ሁለት ደንበኞች እየጠበቁኝ ነው፤ ማታ እጽፋለሁ።

ማታ፦ ድምፃቸው እንደ ጥጥ ነበር። «እትዬ፣ ስለ ቺጉሳ የወደፊት ነገር የቤተሰቡን ስሜት ብናውቅ ደስ ይለናል። አንቸኩልም። ብቻ ዓመቱ ሳያልቅ...» እዚያ ላይ አቆሙ። እኔም አልጨረስኩላቸውም። (እውነቴን ነው።)

ይህን ለስላሳ ድምፅ አውቀዋለሁ። ኢሳኦንም ከፖስታ ቤት በጊዜ ጡረታ ሲያስወጡት በዚህ ድምፅ ነበር ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደረጉት። ልጄን ሊያስወጧት ነው! ከአሥራ ስድስቱ ልትገባ አንድ ዙር ሲቀራት!

«ልጅቷን ጠይቂያት» አለ ኢሳኦ።

«ልጅቷ ምን ታውቃለች? እሷ ትጫወታለች እንጂ።»

«ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ጊዜ የሌላት!»

አቶ ናጋኦካ የቤተሰቡን ስሜት አይደል የጠየቁት? እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በስልክ በግልጽ አይባልም፤ ሰውየውን ማሳፈር ነው። የዓመቱን መጨረሻ ስጦታ እልክላቸዋለሁ። ከጓሯችን ካኪ ዋና ዋናውን፣ በሳጥን። «ዘንድሮ ስለረዳችኋት እናመሰግናለን፤ ለከርሞም አደራ» ማለት ነው። ይህ የማይገባው ሰው የለም።

ጣልቃ መግባት አይባልም። ካኪ ነው።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

ተላከ! ወከባ ነበር። ወይዘሮ ኢጋራሺ ቢጎዲን ላይ፣ የፐርሙ ሰዓት ይጮሃል፣ የዕቃ አድራሹ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል። ክር የታሰረበት የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ከመሳቢያ መዘዝኩ፤ በግንቦት ከወንድሜ ልጅ ከሃሩኖ ሠርግ የተረፈውን። ቺጉሳ የመረጠችው ነው፤ ቀይና ነጭ ክሩ ከሱቁ ተራ ወረቀት ይልቅ ያምራል። «ኦይካዋ» ብዬ የቤተሰባችንን ስም ብቻ ጻፍኩበት። ሮጥኩ።

የኢጋራሺ ፐርም ትንሽ በዛባት። በግ መስላለች። ወዳዋለች።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጽሑፌ የኢጋራሺን ጸጉር መስሏል።

አቶ ናጋኦካ ደወሉ። እኚያ ሰውዬ አለቀሱ ብል ውሸት አይሆንም።

«እትዬ፣ ሳጥኑ ደረሰን። ክሩን ሳየው ቃል አጣሁ። ቺጉሳ ‹እናቴ ሳትቀበለኝ የማቆሚያ ማመልከቻዬን አላስገባም› ብላ ስንት ጊዜ ጠበቀች! አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ እንዲህ አድርገው... ዛሬ እንዲህ ያለ ቤተሰብ የት አለ?»

«ክሩን?» አልኩ።

«ክሩን! ወዲያው ነገርኳት። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ አለቀሰች። በጥር የሚደረገውን ውድድር ተጫውታ ራኬቷን ትሰቅላለች፤ ከሚያዝያ ጀምሮ በብድር ክፍል ሙሉ ቀን ትሠራለች። ካኪውም ጣፋጭ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ መሳቢያው ሮጥኩ። አምላኬ! አንደኛው ወረቀት ክሩ እንደ ቢራቢሮ ነው የሚታሰረው፤ ጫፉን ሲስቡት ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል። ደጋግሞ ይምጣ ለሚባል ነገር ነው፤ ለልደት፣ ለዓመት ስጦታ። ሌላው ቢስቡት ቢስቡት የማይፈታ ቋጠሮ ነው። አንድ ጊዜ ይሁን፣ አይደገም ለሚባል ነገር፤ ለሠርግ፣ ከሕመም ለተነሣ ሰው። ይህን በአገራችን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ! የሃሩኖ ሠርግ ወረቀት! «ለከርሞም አደራ» ብዬ የላክሁት «አበቃ፣ አይደገም» ሆኖ ደረሰ።

ለመሆኑ ልጅቷ ማቆም ከፈለገች ለምን ቀድማ አልነገረችኝም? እኔ እንደሆንኩ ስልክ አነሣለሁ፤ ሁልጊዜ አዋራታለሁ።

ነገ ደውዬ አስተካክላለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

ደወልኩ። ሳይነሣ ዘጋሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ደወልኩ። ተነሣ። «መልካም አዲስ ዓመት» ብዬ ዘጋሁ። ገና ሁለት ሳምንት ተኩል ይቀረዋል።

«በስህተት ነው በያቸውና ተገላገዪ» አለ ኢሳኦ።

«እንዴት ብዬ?»

«አንቺ የምትዪው ጠፍቶሽ ያውቃል?»

አሁን ጠፋኝ። ኢሳኦ ሳላዘው ሳህኖቹን አጠበ።

ታኅሣሥ 23፣ እሑድ፤ አዲስ ዓመት

በረዶው ጉልበት ደርሷል። ቺጉሳ ትናንት ገባች። ዛሬ ጠዋት የአዲስ ዓመቱን ሾርባ ሳቀርብ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፣ ሁለት እጇን መሬት አድርጋ ሰገደችልኝ።

«እማ፣ ስለ ካኪው አመሰግናለሁ።»

አፌ ውስጥ የሩዝ ቂጣ ነበር። ይህ የአዲስ ዓመት ቂጣ ደግሞ ከጥርስ ጋር ከተጣበቀ ጌታ ካልረዳ አይላቀቅም። ስለዚህ ልጄ አወራች፤ እኔ አኘክሁ።

«በአፍሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አለች። «አፍሽ ብዙ ይላል። ክሩ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው።» ከዚያ ስለ መስኮቱ ነገረችኝ። ሰው ስለ ብድር ብሎ ይቀመጣል፤ የሚያወራው ግን ስለሚያፈሰው ጣሪያው፣ ስለማትደውለው ልጁ፣ ስለሞተው ውሻው ነው። «እኔ አዳምጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ራሱን ይሞላል። ከአንቺ የተማርኩት ነው፣ እማ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ጸጉር ቤቱ ጥግ ቁጭ ብዬ።»

«እኔ ያስተማርኩሽ የጠረጴዛ ቴኒስ ነው!» አልኩ፤ ቂጣው ተላቀቀ።

«እሱንም» አለች።

ያኔ ልነግራት ነበር። ምላሴ ነፃ ነው፣ ኢሳኦ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሏል፣ እሷ እያየችኝ ነው። ፊቷ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? ካርቶኑ ላይ ቆማ የመጀመሪያዋን ኳስ የመለሰች ዕለት የነበራት ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የት ሄዶ ነበር?

«ካኪው ጣፈጣቸው?» አልኳት።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነው። ከአሥራ ስድስቱ ብትገባስ? ያን ጊዜ ማን ያቆማል? የማይፈታ ቋጠሮ ቢሆን መቀስ ይቆርጠዋል። እኔ ደግሞ ባለ መቀስ ነኝ።

አስቤ ነው እንጂ አላልኩም።

ጥር 20፣ ቅዳሜ፣ ቶኪዮ

ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ኢሳኦ ያንኮራፋል።

በዚያ በር ፊት ለአምስተኛ ጊዜ ቆመች። ተጋጣሚዋ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ኳሱን የበደላት ይመስል ትደበድበዋለች። ቺጉሳ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ሊነካት እስኪደርስ እየሄደች ቆረጠች። የጨዋታው መጨረሻ ላይ ነጥቡ እኩል ለእኩል ሆነ። እኔ አልጮህኩም። ኢሳኦ ክንዴን አሳየኝ፤ የራሱን ክንድ ማለት ነው፤ ጥፍሬ ታትሞበታል።

ባለፉት አራት ጊዜያት እዚህ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ እኔን ትፈልግ ነበር። ዛሬ አልፈለገችኝም። የራኬቷን ላስቲክ በመዳፏ ጠረገች፣ ፈገግ አለች፣ ጎንበስ አለች። ልጅቷ ደበደበች፤ የእኔዋ መለሰች። ደበደበች፤ መለሰች። እንደ ቶፉ ሠሪው ሽማግሌ አዳመጠቻት ልበል? መጨረሻ ላይ ያቺ ልጅ ያላትን ሁሉ ጨርሳ ኳሱን መረብ ውስጥ ከተተችው።

ከአሥራ ስድስቱ አንዷ! ልጄ!

የማላውቃትን ሴት አቀፍኩ። ጸጉሯ መስተካከል ነበረበት።

ከዚያ አቶ ናጋኦካ በደረጃው እየሮጡ፣ እያለከለኩ መጡ።

«እትዬ! አዩ አይደል? በዚህ አቋሟ... ማመልከቻው እስካሁን እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ዋናው ቢሮ አልደረሰም። አንድ ዓመት ብቻ! እሷ የእርስዎን ነው የምትሰማው። አንድ ቃል ቢሏት ይበቃል።»

አንድ ቃል! እኔን!

ታች አየሁ። ቺጉሳ ላቧን እየጠረገች ከተሸነፈችው ልጅ እናት ጋር ቆማ ታወራለች። ሴትየዋ አንድ ነገር ትነግራታለች፤ ልጄ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች። ዳኛው ጠራት፤ አልሰማችውም።

«አቶ ናጋኦካ፣ ክሩን አይተውታል አይደል?» አልኩ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

ሰውየው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ፣ ሄዱ።

ኢሳኦ ከማሽኑ ትኩስ ሻይ ገዝቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሳልጠይቀው።

ጥር 21፣ እሑድ

ተሸነፈች። እየሳቀች። ማዕረጉ ግን እስከ ቀብር ነው።

ጥር 28፣ እሑድ

ኢሳኦ የጠረጴዛ ቴኒሱ ጠረጴዛ ይውጣና በቦታው እንደ ሌላው ሰው፣ ከሥሩ የሚሞቅ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ እናስገባ ብሏል፤ እግራችንን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተን እንድንበላ። «ሶሱም ከመረብ ማዶ አይሆንብኝም» ይላል። ለሰፈሩ የጡረተኞች ክበብ ልንሰጠው ተስማማን።

ቺጉሳ ልታግዘን መጣች። የመረቡን ብረት የምታስርበት ነገር ፈልጋ ጸጉር ቤቱ ገባች፤ እኔ ከወይዘሮ ኢጋራሺ ጀርባ ቆሜ የፐርሙን ጫፍ አስተካክላለሁ። መስተዋት ለእኔ ሥራ ደግ ነገር ነው፤ ከኋላ ያለውን ሁሉ ያሳያል። መሳቢያውን ስትስበው አየሁ። ከሃሩኖ ሠርግ የተረፈውን ወረቀት አወጣች። ከሥሩ የቢራቢሮው ክር ያለበት ማሸጊያ አለ፤ ለዓመት ስጦታ ብዬ በጥቅምት የገዛሁት፣ እስከ ዛሬ ያልተከፈተ። አንዱን በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላ እጇ ይዛ ቆመች። መጀመሪያ የማይፈታውን ቋጠሮ፣ ከዚያ ያልተከፈተውን ቢራቢሮ አየች።

«እትዬ ታማኤ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጪው!» አለች ኢጋራሺ።

ቺጉሳ ሁለቱንም መልሳ መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ደንበኛዬን ሸኝቼ ሳሎን ስገባ ሁለት ራኬት ይዛ ማዶ ቆማለች። «እማ፣ ከመሄዱ በፊት አንዴ» አለች። ሽርጤን እንኳ አልፈታሁም። ሽርጥ ለብሼ ነው ያሳደግኳት። ራኬቱን ተቀበልኩ፣ ኳሱ በእሷ እጅ ነው፣ ጎንበስ አልኩ።

አልመታችም። ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደገባች ሁሉ አንገቷን ደፋች።

«ገና ሳትጀምሩ?» አለ ኢሳኦ ከበሩ ላይ። «ኳስ እንኳ አልተመታ!»

ለምን እጇን እንዳነሣች አልጠየቅኳትም።

«አንድ ለባዶ» አልኳት። «ነጥቡ ያንቺ ነው፤ አይመለስም። በይ ምቺ።»